ሳልጠራው የመጣ ኩራት

ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ፤

ጤና ይስጥልኝ። ሮም ከመጣሁ 11 ዓመት ሆኖኛል። ሥራዬ ባዳንቴ ነው፤ 88 ዓመት የሆናቸውን አንዲት ሲኞራ እንከባከባለሁ። ከሀገሬ የወጣሁት ተቀይሜ ነው። ስድስት ዓመት ካገለገልኩበት መሥሪያ ቤት ባላጠፋሁት ጥፋት ተባርሬ፣ አቤት ያልኩበት ቦታ ሁሉ ዛሬ ነገ ሲለኝ ከርሞ፣ አውሮፕላን ውስጥ ስገባ «ሁለተኛ ዓይኗን አያሳየኝ» ብዬ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለ ሀገሬ የምሰማው በዜና ብቻ ነው፤ ዜናውንም እርስዎ ያውቁታል።

ባለፈው ሚያዝያ ሲኞራዋን በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋሁ በቪያ ሳን ግሬጎሪዮ ሳልፍ አንዲት መምህርት ተማሪዎቿን ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ የመታሰቢያ ጽሑፍ ፊት አቁማ «አበበ ቢቂላ» ስትል ሰማሁ። ቀጥላም «ጫማ መግዣ እንኳ ያልነበረው ድሃ ነበር» አለቻቸው። አንድ ልጅ ጫማውን አውልቆ በካልሲው ድንጋዩን ረገጠ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ ወንበሩን እንደያዝኩ ቆሜ አለቀስኩ። ሲኞራዋ ዞር ብለው ምን ሆንሽ ሲሉኝ «የሀገሬ ሰው ነው» አልኳቸው። «በቴሌቪዥን አይቼዋለሁ፤ ጨልሞ ነበር፤ ችቦ ነበር» አሉኝ። ሰባት ዓመት አብሬያቸው ስሆን ከየት እንደመጣሁ ጠይቀውኝ አያውቁም።

ማታ ለባለቤቴ ብነግረው ሳቀብኝ። እሱ በሊቢያ በረሃና በባሕር የመጣ ሰው ነው። «የሚያኮራ ሀገር ቢኖረን እዚህ ምን እንሠራ ነበር?» አለኝ። የሲኞራዋ ወንድ ልጅ ወሬውን ሰምቶ «መንገዳችሁንም እኮ የሠራንላችሁ እኛ ነን» ብሎ ሲቀልድ ዓድዋ አፌ ላይ ደርሳ ተመለሰች። ዘጠኝ ዓመት የሆናት ልጄ ደግሞ «ማማ፣ ደስ ካለሽ ለምን አለቀስሽ?» እያለች ትጠይቀኛለች። ወገኔ በጦርነት ሲያልቅ አንድ ቀን ያላለቀስኩ ሴት በሩጫ ማልቀሴ ግብዝነት አይደለም? ወይስ ያ ሁሉ ቂሜ ውሸት ነበር?

ከሮም

*

ውድ እኅቴ፤

ወደ ጥያቄዎችዎ ከመግባቴ በፊት መምህርቷ ለተማሪዎቿ የነገረቻቸውን አንድ ስሕተት ላርም፤ ነገሩ ከጉዳይዎ የራቀ ቢመስልም የእንባዎ ግማሽ ከእርሱ የመነጨ መስሎ ታይቶኛልና። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠው ጫማ መግዣ አጥቶ አልነበረም። በዚያን ጊዜ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር፤ ደመወዝ ያለው፣ አሠልጣኝ የተመደበለት፣ ሀገሩ መርጣ የላከችው ሰው ነው። ሮም ከደረሰ በኋላ ያገኘው አዲስ ጫማ ስላልተመቸውና ቀድሞም ያለ ጫማ መለማመድን የለመደ ስለነበር፣ ከአሠልጣኙ ከስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ጋር ተመካክሮ በባዶ እግሩ ለመሮጥ ወሰነ። ርቀቱን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲጨርስ ከእርሱ በፊት ማራቶንን ከዚያ ፈጥኖ የሮጠ ሰው አልተመዘገበም ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ፣ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ከአንድ ወር ብዙም ሳይርቅ፣ ያን ጊዜ ጫማ አድርጎ ሮጦ የራሱን ሰዓት አሻሽሎ እንደገና አሸነፈ። መምህርቷ ክፉ አስባ የተናገረች አይመስለኝም፤ ባዶ እግር ያየ የውጭ ሰው መጀመሪያ የሚመጣለት ድህነት ነው።

እርስዎ ግን በዚያች ቅጽበት በአንድ ትንፋሽ ሁለት ነገር ሰሙ። ለዓመታት ከማንም አፍ ያልሰሙት የሀገርዎ ሰው ስም በማያውቋት ሴት አንደበት፣ በማያውቋቸው ልጆች ፊት፣ በክብር ተጠራ፤ ወዲያው ደግሞ ያ ስም ድሃ ተባለ። መጀመሪያ ቀና አሉ፣ ቀና እንዳሉ ተወጉ። ሰው እንዲህ ባለ ጊዜ ካላለቀሰ መቼ ሊያለቅስ ነው? ስለዚህ እንባዎን ሙሉ በሙሉ ለኩራት አይስጡት፤ ከውስጡ የቁጭት ድርሻ አለበት፤ ይህንን መለየት ኋላ ለልጅዎ መልስ ሲሰጡ ይጠቅምዎታል።

አሁን ኩራቱ ስለምን ሳያስቡት እንደመጣ ልናገር። እኔና እርስዎ ያደግንበትን ትምህርት ቤት ያስታውሱ። በየማለዳው ብርዱ ጣታችንን እየቆነጠጠን በሰልፍ እንቆማለን፤ ሰንደቅ ዓላማ ሲወጣ እንዘምራለን፤ የዘገየ በር ላይ ተንበርክኮ ይቆያል፤ ያልዘመረ ይገረፋል። መንግሥት ሲለወጥ መዝሙሩ ተለወጠ እንጂ ሰልፉ አልተለወጠም። ሀገርን መውደድ ለብዙዎቻችን ከልጅነት ጀምሮ የታዘዘ ነገር ነበር፤ የታዘዘ ነገር ደግሞ ፍቅሩ ውስጣችን ቢኖር እንኳ የራሳችን መሆኑን ለማወቅ ጊዜ አይሰጠንም። እርስዎ ሮም ላይ፣ ቪያ ሳን ግሬጎሪዮ ዳር ቆመው፣ ማንም ዘምሪ አላለዎትም። እንዲያውም የሚጠበቅብዎ ወንበሩን መግፋት ብቻ ነበር። በፖሊስ ጽሕፈት ቤቱ በኩዌስቱራ ሰልፍ ላይ የአንድ ሀገር ሰው መሆንዎ የሚጠየቀው የመኖሪያ ፈቃዱን፣ ሶጆርኖውን፣ ለማሳደስ ነው፤ በሥራዎ ላይ ደግሞ ጨርሶ አይጠየቅም። በእንዲህ ያለ ቦታ፣ ሳይታዘዙ የወጣው ስሜት ከነበሩዎት የሀገር ስሜቶች ሁሉ የመጀመሪያው የራስዎ ስሜት ሊሆን ይችላል። ይህን ስጽፍ እያጋነንሁ እንደሆነ ይሰማኛል፤ ቢሆንም አልሰርዘውም።

ወደ ከባዱ ጥያቄ ልምጣ፤ ያ ሁሉ ቂሜ ውሸት ነበር ወይ ላሉት። አልነበረም። በግፍ ተባርረዋል፤ አቤት ብለው ሰሚ አጥተዋል፤ ይህ በ11 ዓመት ውስጥ አልተካሰም፤ በአንድ ማለዳ እንባም አይካስም። ቂምዎ እውነት ከሆነ ኩራትዎ ውሸት ነው፣ ኩራትዎ እውነት ከሆነ ቂምዎ ውሸት ነው ብለው ራስዎን የሚከስሱት ሀገርን እንደ አንድ ሰው ስለሚያዩአት ይመስለኛል። እዚያው የአበበ ታሪክ ውስጥ አንድ ነገር ላሳይዎ። አበበ ያሸነፈው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ነው። ሦስት ወር ገደማ ቆይቶ፣ በታኅሣሥ 1953፣ አበበ ያገለግልበት የነበረው የክብር ዘበኛ ጦር በአዛዡ በጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ መሪነት በንጉሡ ላይ ተነሣ። የአዲስ አበባ ጎዳናዎች የጥይት ማዕበል ወረደባቸው፤ ታግተው የነበሩ መኳንንትና ሚኒስትሮች በቤተ መንግሥት ውስጥ ተረሸኑ፤ ኋላም ጄኔራሉ ራሳቸው በአደባባይ ተሰቀሉ። የሮጠውን ልጅ በመስከረም አቅፎ የተቀበለ ሕዝብ በታኅሣሥ በየቤቱ በሩን ዘግቶ ተኩስ ያዳምጥ ነበር። አበበም የጦሩ አባል ነበርና ተይዞ ተጠይቆ ተለቀቀ። እስቲ ይንገሩኝ፤ ከእነዚህ ከሁለቱ ወራት የትኛው ነው የሀገሪቱ ትክክለኛ መልክ? የመስከረሙ ደስታ በታኅሣሥ ምክንያት ውሸት ሆነ? «የእናት ሆድ ዥንጉርጉር» የሚለው አባባል ብዙውን ጊዜ ስለ ወንድማማቾች ጠባይ ይነገራል፤ እኔ ግን ከሁሉ የበለጠ ለሀገር የሚስማማ ሆኖ አገኘዋለሁ። እርስዎን ያባረረው ሹምና ያን ማታ የሮጠው ወታደር የአንድ ሆድ ልጆች ናቸው። በአንዱ ሲኮሩ ሌላውን ይቅር ማለት አይጠበቅብዎትም።

በዚህ ነገር እኔም የተፈተንሁበት ጊዜ አለ። አውሮፓ ለትምህርት በኖርሁባቸው ዓመታት በአንድ ሰፊ መደብር ውስጥ ስዞር «ይርጋ ጨፌ» የሚል ጽሑፍ ያለበት የቡና ከረጢት አየሁ። ቆሜ አነበብሁት፤ ደግሜም አነበብሁት፤ አጠገቤ ለቆመች አሮጊት «ይህ የእኛ ነው» ማለት አማረኝ። ከዚያ ዋጋውን አየሁ። ሩብ ኪሎ ነው፤ ባየሁት ዋጋ ያን ቡና የለቀመ ገበሬ ስንት ኪሎ እሸት መሸጥ እንዳለበት በልቤ ሳሰላ ኩራቴ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ከረጢቱን ገዛሁት፤ ቤቴ ወስጄ አፈላሁት፤ ጥሩ ቡና ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ የተማርሁት ነገር ቢኖር ኩራት ሲመጣ ብቻውን እንደማይመጣ፣ አጃቢውንም ማስተናገድ እንደሚገባ ነው።

ግብዝነት ስላሉትም የምለው ከዚሁ ጋር ይገናኛል። ሲኞራዋን ይዘው የሚያልፉበት መንገድ ጫፍ ላይ፣ በፖርታ ካፔና አደባባይ፣ የተባበሩት መንግሥታትን የምግብና የእርሻ ድርጅት፣ የፋኦን፣ ዋና መሥሪያ ቤት ያውቁታል። ያ ሕንፃ ሥራው ሲጀመር የታሰበው ጣሊያን አፍሪካ ውስጥ የያዘችውን ግዛት ለሚያስተዳድረው ሚኒስቴር ነበር። ከፊቱ፣ ዛሬ ሌላ መታሰቢያ በቆመበት አካባቢ፣ በወረራው ዘመን ከአክሱም ተነቅሎ የመጣው 24 ሜትር ገደማ የሚረዝመው ሐውልት ቆሞ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1947 ፓሪስ ላይ በተፈረመው የሰላም ውል ጣሊያን የወሰደችውን ቅርስ በ18 ወር ውስጥ ለመመለስ ግዴታ ገብታለች፤ አበበ በዚያ ማታ ሲያልፍ ግን ከውሉ 13 ዓመት አልፎ ሐውልቱ እዚያው ነበር። ውድድሩ ወደ ማብቂያው ሲቃረብ፣ ከሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ጋር ጎን ለጎን ሲሮጥ ቆይቶ ጥሎት የሄደው በዚያው በሐውልቱ አካባቢ እንደነበር ይነገራል። ከዚያ በኋላም 45 ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ በሚያዝያ 1997፣ ሐውልቱ በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን አክሱም ገባ፤ በነሐሴ 2000 በቀድሞ ሥፍራው ቆሞ ተመረቀ። ድንጋይ ሲመለስ ማልቀስ ለምን እንደሚያስፈልግ የጠየቀኝ ሰው ነበር፤ መልስ አልነበረኝም፤ አልቅሼ ግን ነበር።

ደግሞም በኅዳር 2013፣ ያ ሐውልት በቆመባት በዚያችው በአክሱም ከተማ፣ ንጹሐን ሰዎች በገዛ ደጃፋቸውና በጎዳናው ተገደሉ። እኅቴ፣ እነዚህን ሁለት ነገሮች በተከታታይ አንቀጾች የጻፍኋቸው ሆን ብዬ ነው። ሐውልቱ ሲመለስ የተሰማኝን ደስታ ዛሬም አልክደውም፤ በኅዳሩ ወሬ የተሰማኝንም እፍረት ደስታዬን ያበላሽብኛል ብዬ አልሸሸውም። በአበበ ማልቀስዎ ግብዝነት የሚሆነው፣ አንድ ሰው ነገ ስለዚያ ጦርነት በፊትዎ ሲያነሣ «የሀገሬን ስም አታጥፋ» ብለው አፉን የሚያስዘጉት ከሆነ ነው። በጦርነቱ ጊዜ አላለቀስሁም ብለዋል። ሰው ለቅሶውን እንደ ግብር አስልቶ አይከፍልም፤ ከብዶት የደረቀ ዓይን በትንሽ ነገር የሚከፈትበት ጊዜ አለ፤ በቪያ ሳን ግሬጎሪዮ የፈሰሰው እንባ የአበበ ብቻ ላይሆን ይችላል። ይህን እኔ ልወስንልዎ አልችልም፤ እርስዎ ግን ቆም ብለው ቢያስቡበት እወዳለሁ።

ስለ ባለቤትዎ አጭር ነገር ልበል። አይከራከሩአቸው። በሊቢያ በረሃና በባሕር ያለፈ ሰው ሀገሩን የሚያስታውስበት መንገድ ከእርስዎ መንገድ የተለየ ነው፤ የእርስዎ ቂም መሥሪያ ቤት ውስጥ የጀመረ ነው፤ የእርሳቸው ግን ከጎናቸው የወደቀ ሰው ይኖርበት ይሆናል። ሳቃቸውን ከመጥላትዎ በፊት ምን እንደሚሸፍን ይጠይቁ። የሚያኮራ ሀገር ቢኖረን እዚህ ምን እንሠራ ነበር ያሉት ጥያቄ ደግሞ ቀልድ ቢመስልም መልስ የሚገባው ጥያቄ ነውና፣ እኔ ብሆን «ልክ ነህ፤ ከዚያም ወጥተናል፤ ከዚያም ነን» ከማለት በቀር የምጨምረው የለኝም።

የሲኞራዋ ልጅ ነገር ግን ለብቻው ነው። ዓድዋ አፍዎ ላይ ደርሳ መመለሷን እንደ ሽንፈት አይቁጠሩት። ዓድዋን የምናውቃት እኛ ነን፤ ለቀልድ መመለሻ ስናደርጋት ታንስብናለች። ከዚያ ይልቅ ሰውየው ያለውን እውነት አድርገው ይቀበሉና ይቀጥሉበት። አዎን፣ በአምስቱ ዓመት መንገድ ተሠርቷል፤ እኛም ኋላ ሄደንበታል። መንገዱ መጀመሪያ የተጠረገው ግን ለጦሩ መኪና ነበር፤ በዚያው ዘመን ከአውሮፕላን የመርዝ ጋዝ ወርዷል፤ በየካቲት 12 ቀን 1929 እና በተከታዮቹ ቀናት አዲስ አበባ ላይ በሺሕ የሚቆጠር ሕዝብ ተጨፍጭፏል። ይህን ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ድምፅዎን ሳያነሡ፣ ሻይ እየቀዱ ሊነግሩት ይችላሉ። እንዲያውም ቤቱ ሲዝረከረክ ጣሊያኖች «አምባራዳን» ሲሉ ሰምተው ይሆናል፤ ውጥንቅጥ ማለታቸው ነው። ቃሉ የመጣው በየካቲት 1928 ከተደረገው የአምባ አራዳም ጦርነት እንደሆነ ብዙዎቹ አያውቁም። ስንት ሰው ያለቀበት ተራራ የተዝረከረከ ክፍል ስም ሆኖ መቅረቱን ያ ሰው ከእርስዎ ቢሰማ አይከፋም። ይህን የምመክርዎ ግን የሥራ ቤትዎን ነፋስ ከእኔ ይልቅ እርስዎ እንደሚያውቁት በማሰብ ነው፤ እንጀራዎ እዚያ ስለሆነ ዝም ማለት የሚሻልበት ቀን ካለ ዝምታዎ ውርደት አይደለም።

ሲኞራዋን በተመለከተ ግን ልወቅስዎ ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሰባት ዓመት ከየት እንደመጣሁ ጠይቀውኝ አያውቁም ብለዋል። እርስዎስ ነግረዋቸው ያውቃሉ? ደግሞስ ያን ማታ ምን እንዳዩ ጠይቀዋቸዋል? ከደብዳቤዎ ሁሉ ልቤን የነካው የእርሳቸው ቃል ነው፤ «ጨልሞ ነበር፤ ችቦ ነበር።» ውድድሩ ከሰዓት በኋላ ከካፒቶሊኖ ኮረብታ ተነሥቶ በቪያ አፒያ በኩል ሲመለስ መሽቶ ነበርና ወታደሮች በመንገዱ ዳርና ዳር ችቦ ይዘው ቆመው ያበሩ ነበር፤ መጨረሻውም በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ነበር። አሁን ቀኑን ልብ ይበሉልኝ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 የዘመን መለወጫ ዋዜማ ነው። በዚያው ምሽት በሀገራችን ልጆች ችቦ አብርተው «ኢዮሃ» እያሉ አሮጌውን ዓመት ይሸኙ ነበር። ስለ አበበ የሚያወራ ሁሉ ባዶ እግሩን ያነሣል፤ ከደብረ ብርሃን አካባቢ የወጣ የገበሬ ልጅ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ በሁለት ረድፍ ችቦ መካከል መሮጡን የሚያነሣ ሰው ግን ብዙም አልገጠመኝም። እርስዎን ያስለቀሰውን ማታ፣ ያውም በሰዓቱ፣ ያዩ ሴት በእጅዎ ናቸው። 88 ዓመታቸው ነው፤ ሳይመሽ ይጠይቋቸው።

የልጅዎ ጥያቄ የቀረኝ ሆን ብዬ ነው፤ ከሁሉ የሚበልጠው እርሱ ነውና። ደስ ካለሽ ለምን አለቀስሽ ያለችዎትን እንዳለ ይመልሱላት፤ ስሙን ስትጠራው ደስ አለኝ፣ ድሃ ስትለው ከፋኝ፣ ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ እንባ ሆኑ ብለው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ይህን ትረዳለች፤ እንዲያውም ከእኛ ይልቅ በቀላሉ ትረዳለች። ሀገርሽን ውደጂ ብለው ግን አይዘዟት። እኛ በሰልፍ የተቀበልነውን ትእዛዝ እርሷ ሮም ላይ የምትቀበልበት ምክንያት የለም። ልትሰጧት የምትችሉት የሚሠራ ነገር ነው።

ከቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ ጀርባ፣ በቫቲካን ቅጥር ውስጥ፣ ቅዱስ እስጢፋኖስ ዘሐበሽ የሚባል ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ከ500 ዓመት በፊት ጀምሮ የእኛ መነኮሳት ያርፉበት የነበረ ነው። ከእነርሱ አንዱ አባ ተስፋ ጽዮን እ.ኤ.አ. በ1548 እና በ1549 ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ ሮም ላይ አሳተሙ። ባሳተሙት መጽሐፍ ውስጥ ስለ ግድፈቶቹ አንባቢን ይቅርታ ሲጠይቁ፣ ፊደል ለቃሚዎቹ፣ ማለትም የማተሚያውን ፊደል የሚደረድሩት ሠራተኞች፣ ማንበብ እንደማያውቁ፣ እርሳቸውና ባልንጀሮቻቸውም ፊደል መልቀም እንደማያውቁ፣ ስለዚህ ዕውር ዕውርን እንደሚመራ ተረዳድተው እንደሠሩት ጽፈዋል። ይህ ነገር ሁልጊዜ ያስቀኛል፤ ያኮራኛልም። ሰውየው ስደተኛ ናቸው፤ በባዕድ ከተማ፣ ቋንቋቸውን በማያውቅ ሠራተኛ እጅ፣ ስሕተት እንደሚኖርበት እያወቁ ሠሩት። ልጅዎም ፊደል አታውቅ ይሆናል፤ የሚያስተምራት ሰው የለም ብለው አስበው ይሆናል። እንደ አባ ተስፋ ጽዮን ከነግድፈቱ ይጀምሩ። «አበበ» ሦስት ፊደል ነው፤ ሁለቱ ደግሞ አንድ ዓይነት ናቸው፤ በአንድ ማታ ትጽፈዋለች። በማግስቱ እኛ ሁላችን በጀመርንበት በ«አበበ በሶ በላ» ይቀጥሉ፤ በሶ ምንድን ነው ስትልዎት የሚያስረዱበት ሌላ ማታ ያገኛሉ።

ስለ መታሰቢያው ጽሑፍ አንድ ነገር ልጨምር። የተለጠፈው ድሉ 50 ዓመት ሲሞላው፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። በዚያ ዓመት የሮም ማራቶንን ያሸነፈው ኢትዮጵያዊው ሲራጅ ገና ነበር፤ መጨረሻው ሲቃረብ ጫማውን አውልቆ የቀረችውን ርቀት በባዶ እግሩ ሮጦ ገባ። ካልሲውን አድርጎ ድንጋዩን የረገጠው ጣሊያናዊ ልጅ ይህን ሳያውቅ ደገመው።

በመጪው የእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ ሥራዎ የሚፈቅድልዎ ከሆነ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ልጅዎን ይዘው ወደዚያ ግድግዳ ይሂዱ። ጽሑፉን እርሷ በጣሊያንኛ ታንብብልዎ፤ እርስዎ የጫማውን ነገር ያርሙላት። ከዚያ እስከ ቆስጠንጢኖስ ቅስት ያለው መንገድ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ በእግር ይጨርሱታል። ሲኞራዋ ልምጣ ካሉ ወንበራቸውን ይግፉ፤ ባለቤትዎ ልምጣ ካሉ ወንበሩን ለእርሳቸው ይስጡአቸው፤ ካላሉም እራት ላይ ትነግራቸዋለች። ልጅቱ ጫማዬን ላውልቅ ማለቷ አይቀርምና፣ ድንጋዩ በዚያ ሰሞን ማታ ማታ ቀዝቀዝ ስለሚል ትርፍ ካልሲ በቦርሳዎ ይያዙ።